የውሰት ኮት

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ከጎረቤት ኮት ተዋሰችልኝ።

የምንኖረው ሻሸመኔ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ሁላችንም «ፕሮጀክት» የምንለው የሕፃናት ድጋፍ ነበረ። ይህን ከምታነቡት መካከል በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ያደጋችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መዝሙር፣ ከዚያ ዳቦና ሻይ፤ በመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ፎቶ። ፎቶው ባሕር ማዶ ላለው ስፖንሰራችን ይላካል።

እናቴ የፎቶውን ቀን እንደ ሠርግ ነበር የምትጠብቀው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውሃ አሞቀች፤ ቆዳዬ እስኪቀላ ፈተገችኝ፤ ፊቴን ቫዝሊን ቀባችኝ። ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ለበዓል የሚለብሰውን ሰማያዊ ኮት አመጣች። እጅጌው ጣቶቼን ስለሸፈነ ሁለቴ አጠፈችው። «የማን ልጅ እንደሆንክ ይዩ» አለችኝ።

ተሰልፈን ተራዬ ሲደርስ ካሜራ የያዘው ሰው አየኝና አስተማሪያችንን ጠራት። መጥታ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የኔ ጌታ፣ ኮቱን ለትንሽ ጊዜ አውልቀው፤ እንደ ሁልጊዜው ሆነህ ተነሣ» አለችኝ። ከውስጥ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ ለብሼ ነበር። በሹራቡ ተነሣሁ።

እናቴ አጥሩ ጋ ቆማ ታይ ነበር። ኮቱን ተቀበለችኝ፤ አጣጥፋ በነጠላዋ ሸፈነችው፤ መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። ኮቱን ስትመልስ ጎረቤታችን «አማረበት?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ፣ «አልሆነውም፤ ሰፋው» አለች።

ይህን የማነሣው ያሳደገኝን ለማማት አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያዬ፣ ጫማዬ፣ ስታመም መድኃኒቴ ከዚያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሩስ ዋይዲክ የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በስድስት አገሮች ያደረገውን ጥናት አሳትሟል። በእንዲህ ዓይነት ድጋፍ ያደጉ ልጆች ካላገኙት ይልቅ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ትምህርት ቤት እንደቆዩ ያሳያል። ሳነበው አልገረመኝም። እኔም አንዱ ነኝ።

ስፖንሰሮቼ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። የላኩልንን ፎቶ እናቴ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ትልቅ ውሻ አለ። ውሻ ሶፋ ላይ መቀመጡ የሰፈሩ ወሬ ሆኖ ከረመ። እኔ ግን አድጌም ልረሳው ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ከረባት አስሯል፣ ሴትየዋ የአንገት ሐብል አድርጋለች። እነርሱን ማንም አውልቁ አላላቸውም።

ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሐዋሳ ውስጥ አራት ሠራተኞች ባሉት ትንሽ አገር በቀል ማኅበር ተቀጥሬ ነበር። ማኅበሩ በጉሊትና በቤት ውስጥ ሥራ ለሚተዳደሩ እናቶች መነሻ ገንዘብና ዕቃ ይሰጣል። ገንዘቡን የሚያገኘው ከትልልቅ ለጋሽ ድርጅቶች አልነበረም፤ በኢንተርኔት አማካይነት ከተራ ግለሰቦች ነበር። እንግሊዝኛ ከሌሎቹ ትንሽ ስለምሻል የእያንዳንዷን እናት ታሪክ መጻፍ የኔ ድርሻ ሆነ።

አሠራሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ሰው ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ስልኩን ይከፍታል። የአንዲት ሴት ፎቶ፣ ስሟ፣ አጭር ታሪኳ፣ ከሥሩም ምን ያህል እንደተሰበሰበና ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ መስመር አለ። ዐሥር ዶላር ወይም ሃያ አምስት ዶላር ይሰጣል፤ መስመሩ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል። የሚሰጠው ለድርጅት ሳይሆን ለዚያች ሴት እንደሆነ ይሰማዋል።

እንዲህ ዓይነቱ አሰጣጥ ዕድሜው ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከዓለም ባንክ የወጡ ሁለት ሰዎች፣ ማሪ ኩራይሺና ዴኒስ ዊትል፣ በኋላ ግሎባልጊቪንግ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈቱ። የመንደር ማኅበር የትልልቅ ተቋማትን ደጅ ሳይጠና ፕሮጀክቱን በቀጥታ ለሕዝብ ያቅርብ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በ2005 ደግሞ ማት ፍላነሪና ጄሲካ ጃክሊ የተባሉ ባልና ሚስት ኪቫን ጀመሩ። በኪቫ ሰው ገንዘቡን አይሰጥም፣ ያበድራል፤ 25 ዶላር ይበቃል፤ ሲመለስለት መልሶ ለሌላ ያበድራል። የመጀመሪያዎቹ ተበዳሪዎች ኡጋንዳ ውስጥ ቶሮሮ የሚኖሩ ሰባት ሰዎች ሲሆኑ የሁሉም ብድር ድምር 3,500 ዶላር ነበር።

በ2009 ዴቪድ ሩድማን የተባለ ተመራማሪ ስለ ኪቫ የጻፈው ነገር ብዙ አነጋገረ። አበዳሪው ፎቶዋን አይቶ 25 ዶላሩን ሲልክ ሴትየዋ አብዛኛውን ጊዜ ብድሩን አገሯ ካለው የብድር ተቋም ቀድማ ወስዳለች፤ የእርሱ ዶላር የሚሄደው የተቋሙን ካዝና ለመተካት ነው። ተቋሙም ከእርሷ ወለድ ይወስዳል። ነገሩ የተደበቀ አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙ አበዳሪ ገንዘቤ ከእጄ ወደ እጇ ይሄዳል ብሎ ያምን ነበር። ኪቫም አሠራሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ለማስረዳት የገጹን ቃላት ለወጠ። ይህን ያነበብኩት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለእኔ የታየኝ ሰው ለሰው በሚባለውም አሰጣጥ መሐል ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው መኖሩ ነው። በእኛ ማኅበር መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

እኛ የተመዘገብንበት ድረ ገጽ (ስሙ ይቅር) አዲስ ማኅበር ሲገባ መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በተወሰነ ቀን ውስጥ ከ40 የተለያዩ ሰዎች 5,000 ዶላር ማሰባሰብ። እኛ የማያውቁን ፈረንጆች ይመጣሉ ብለን ጠበቅን። የመጡት የሚያውቁን ነበሩ። የአንዲት ባልደረባዬ አጎት ከዋሽንግተን፤ ድሮ መዘምራን ውስጥ አብሮኝ የነበረ ልጅ ከስቶክሆልም፤ ከሁሉ በቁጥር የበለጡት ደግሞ በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን። ብዙዎቹ የባንክ ካርድ የላቸውም። አራት አምስት ሆነው ካርድ ላላት አንዲት ጓደኛቸው በጥሬ ገንዘብ ያስረክባሉ፤ እርሷ በየስማቸው ትከፍላለች። ዐርባው ስም የሞላው በእነርሱ ነው። እኛ ሐዋሳ ያለነው ግን በራሳችን ገጽ ላይ አንድ ዶላር መስጠት አልቻልንም፤ የባንክ ካርዳችን እዚያ አይሠራም ነበር።

ዘመድ ያልተሰደደበት የገጠር ማኅበር ይህን ፈተና በምን ያልፋል? ዛሬም መልስ የለኝም።

እናንተም አሁን ወደምነግራችሁ ሰው ልውሰዳችሁ። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። አንድ ጊዜ በማይገባ መንገድ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል።

እትዬ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች አራት አምስት እየሆኑ አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከፈረቃ ደክመው ሲመለሱ የሚጋግሩበት ጉልበትም ምጣድም የላቸውም። እትዬ ለእነርሱ ያደርሳሉ። የሚጋግሩት በሰጋቱራ ምድጃ ስለነበር ዓይናቸው ቀን ከሌሊት ያለቅሳል። የጠየቁን የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለእርሱ የሚሆን የመብራት መስመርና አንድ ኩንታል ጤፍ ነበር።

ቤታቸው የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። በጊዜው የነበረው ደንብ ማኅበራት ለአስተዳደር የሚያወጡት ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር፤ ወደ ሰዎች ቤት የምንሄድበት የባጃጅ ገንዘብም ከአስተዳደር ይቆጠርብን ነበር። ስለዚህ እንጣደፋለን። ይህ ምክንያት እንጂ ማመካኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ቀንም ቢሆን ሁሉን ነገር አይቻለሁ፣ ሁሉን ነገር ነግረውኛል።

ስደርስ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ነበር የጠበቁኝ። ቡና አፈሉ። ግድግዳው ላይ ዱባይ የምትሠራው የትልቋ ልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ በየሁለት ወሩ ገደማ የምትችለውን እንደምትልክ ነገሩኝ። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ መዝገቡን አውጥተው አሳዩኝ። ሰማንያ ያህል አባወራ ገንዘቡን የሚያምነው በእርሳቸው እጅ ነው።

ፎቶ ለማንሣት ስነሣ «እትዬ፣ ቀሚሱን ቀይረው እንደ ሁልጊዜው ሆነው ቢነሡ» አልኳቸው። ቀየሩ። ምድጃው ጋ በጭሱ መሐል አነሣኋቸው። ኮቱ በዚያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ቢለኝ ደስ ባለኝ።

ማታ ቢሮ ተቀምጬ ጻፍኩ። ባል የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ የሚረዳቸው ዘመድ የሌላቸው ሴት። ባላቸው ሞተዋል፤ ይህ እውነት ነው። የቀረው ግን? ከሦስቱ ልጆች አንዷ ግድግዳው ላይ ያየኋት፣ ራሷን የቻለችና የምትልክ ልጅ ናት። እድሩን አንድ ቃል አላነሣሁትም። ማንም እንዲህ ጻፍ ብሎ አላዘዘኝም። በተማርኩት ሥልጠና አንድ ሰው፣ አንድ ችግር፣ አንድ መፍትሔ ጻፉ ብለውን ነበር፤ እድርና ሳጥን ታሪኩን ያወሳስበዋል ብዬ ተውኩት። ምክሩ ደግሞ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ደቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎውንስታይንና ፖል ስሎቪክ ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ሲነገራቸው ከሚሰጡት ይልቅ ሮኪያ ስለተባለች አንዲት የማሊ ልጅ ሲነገራቸው ብዙ ሰጥተዋል። የሮኪያ ታሪክ ላይ ቁጥሮቹን ሲጨምሩበት የሚሰጡት ቀነሰ። እኔም የእትዬን ታሪክ እንደ ሮኪያ ብቻዋን አቆምኩት።

430 ዶላር በዐሥራ አንድ ቀን ሞላ። ዶላር ወደ 27 ብር ገብቶ ስለነበር ከ11,000 ብር በላይ ሆነ። ለአለቃዬ ሳሳየው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ምጣዱ ተገዛ፣ መስመሩ ገባ፣ ጤፉ ወረደ። እትዬ መርቀውኝ እኔም አሜን ብዬ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ቢሮ መጡ። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው በአምልኮ ኅብረታቸው ካለች እኅት ስልክ ላይ የእናቷን ፎቶ አይታለች። ጽሑፉን ሰው አንብቦላታል። ደውላ፣ «እማዬ፣ እኔ ሞቻለሁ?» ብላቸው ማልቀሷን ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትጠርግ የላከችው ሁሉ የለም ተብሎ ተጽፏል።

«አንብብልኝ» አሉኝ እትዬ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። «የሚረዳቸው ዘመድ የሌላቸው» የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ አለሰለሰው፤ «ዘመድ በቅርብ የሌላቸው» አልኩ። ያን ጊዜ ዐሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ምንም አላለም፤ ጫማውን ብቻ አየ። እናቱ እርሱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ገባቸው።

«ልጄ፣ ብሩን አልጠላሁትም» አሉኝ። «ምጣዱ ጥሩ ነው፣ ዓይኔም ዐርፏል። ግን እኔን የት አደረስከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ይቅርታ ስላቸው «ይቅር ይበልህ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር።

ወሬው ግን እድሩ ውስጥ ገባ። የአንዱ እድርተኛ ልጅ ገጹን አግኝቶ ለቤተሰቡ አሳይቷል። አንዳንዶች፣ «የሚበሉት የሌላቸው ሰው እጅ ላይ የኛን ገንዘብ ማስቀመጥ ተገቢ ነው ወይ?» ማለት ጀመሩ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ብር ያልጎደለባቸውን ሴት። እትዬ ራሳቸው የሳጥኑን ቁልፍ ለሰብሳቢው ወስደው አስረከቡ፤ ሒሳቡ ይመርመር አሉ።

ያን የሰማሁት ሐሙስ ዕለት ነው። የእድሩ ስብሰባ እሑድ ከሰዓት ነበር። ከሐሙስ እስከ እሑድ በደንብ እንዳልተኛሁ ባልናገርም ትገምታላችሁ። ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። የጻፍኩትን፣ የተውኩትን፣ ለምን እንደተውኩት ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በጉባኤ ፊት ቆሜ ምስክርነት ስሰጥ እንኳ እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ናቸው። ጨርሼ ዝም ስል መዝገቡን ከፊታቸው ሳብ አድርገው ከፈቱት። «ይኸውልህ» አሉኝ፤ «እዚህ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ብር እንሰጣለን። እኔም ተቀብያለሁ፤ ይቺም ባሏ ሲሞት ተቀብላለች። የምንጽፈው ስምና የብሩን ልክ ነው። ምስኪን የሚል ቃል በዚህ መዝገብ ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም።»

ሒሳቡ ተመረመረ፤ አልጎደለም። ቁልፉ ለእትዬ ይመለስ ብለው ወሰኑ፣ መለሱላቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን እትዬ ደክሞኛል ብለው ለሌላ ሰው አስረከቡ። እውነት ደክሟቸው ይሁን ወይም በእኔ ምክንያት አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ አልቻልኩም።

በዚያ ሰሞን የወጣቶች ኅብረታችን ሁለተኛ ቆሮንቶስን እያጠና ነበር። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ምዕራፍ የሩቅ ሰው ለሩቅ ሰው ስለ መስጠት ነው። ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ገንዘብ ያሰባስባል። ብቻውን አይይዘውም፤ እንዳይታማ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ይልካል። ይህን ስንሰማው የኖርነው ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ሁለቱን ምዕራፎች ያገላበጥኩት ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር፤ የኢየሩሳሌሞቹ ችግር የተገለጸበትን ቦታ። አጣሁት። ጉድለት እንዳለባቸው ይጠቅሳል እንጂ ማን እንደራበው፣ የማን ልጅ እንዳለቀሰ አልጻፈም። ድህነታቸው ጎላ ብሎ የተነገረው የሰጪዎቹ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ነው። ጥናቱን ለሚመራው ወንድም ይህን ስነግረው መጽሐፉን አንሥቶ ራሱ እንደገና አነበበው፤ ከዚያ «አላየሁትም ነበር» አለኝ።

ወደ እትዬ ቤት እንደገና ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ በእግሬ። ጽሑፉን አብረን እንጻፈው አልኳቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ። ከዚያ ምጣዱ ላይ እያሰፉ ነገሩኝ፤ እኔ ከጎን ተቀምጬ ጻፍኩ። ልጄ ዱባይ ትሠራለች በል አሉ። የእድር ገንዘብ ያዥ ነኝ በል። እንጀራዬ ዓይኑ የተሟላ ነው በል። ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሁን አላለቅስም፣ ይህንንም በል። ገንዘብ ያነሰኝ ለምጣዱ ነው እንጂ ለሰውነቴ አይደለም፤ ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትለው አላውቅም አሉ። እኔም አላወቅሁም፤ እንደምንም ጻፍኩት። አዲስ ፎቶም አነሣን፤ ያንን ቀሚስ ለብሰው።

ለሰጡት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው ጽሑፍ ትክክል እንዳልነበረ ገለጽኩላቸው። ገንዘቤን መልሱ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ አለቃዬ ተቆጥቶ ቢሆንም እንዲመለስለት አደረገ። አንዲት አሮጊት ደግሞ የእንጀራው አሠራር ይጻፍልኝ ብላ ላከች። እትዬ ስለ እርሾና ስለ አብሲት ሁለት ገጽ አስጻፉኝ።

ከዚያ በኋላ የጻፍኳቸውን ታሪኮች ሁሉ ከመላኬ በፊት ለባለቤቶቻቸው በአማርኛ አነበብኩላቸው፤ አማርኛ ለማይሰሙት አስተርጓሚ ፈለግሁ። ይህ አውጣ፣ ያንን ጨምር ይሉኛል። አንዲት እናት ልጇ ያለባትን በሽታ አስወጣች፤ ስታድግ ታነበዋለች አለችኝ። ሥራው ዘገየ። ገንዘቡም ቀነሰ፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቀድሞ በዐሥራ አንድ ቀን ይሞላ የነበረው ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይወስድ ጀመር። የአንድ ጫማ ሰፊ ገጽ ጭራሽ ሳይሞላ ተዘጋ። ሰውየው የጠየቀው የስፌት መኪና ነበር። በቀድሞው አጻጻፍ ብጽፈው ኖሮ ሳያገኘው አይቀርም ነበር። ስለ እርሱ ሳስብ ዛሬም ልቤ ሁለት ይሆናል።

አንድ ጓደኛዬ፣ ታሪኩን ሁሉ ተዉት ይለኛል። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በምዕራብ ኬንያ ሲጀምር በሣር ክዳን ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦችን መርጦ በኤምፔሳ ገንዘብ ይልክላቸው ነበር፤ ምን ልታደርጉበት ነው ብሎ አይጠይቅም። ዮሐንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ገንዘቡን የተቀበሉት ሰዎች የሚበሉት ተሻሽሏል፣ ለመጠጥና ለትንባሆ ያወጡት ግን አልጨመረም። ሐሳቡ ይማርከኛል፤ የጣራ ክዳን ማየት የሰውን ገመና ከመጻፍ ይሻላል። ግን አራት ሠራተኛ ያለው ማኅበር ያን የሚያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? እኛ ያለን ታሪክ ብቻ ነው።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ይህ ነገር የፈረንጆች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በበዓል ዋዜማ የየወጣት ኅብረቱ የቴሌግራም ገጽ በፎቶ ይሞላል፤ ዘይት የተቀበሉ እናቶች፣ ዶሮ የታቀፉ አባቶች፣ ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ልጆቹ ቅኖች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ጽሑፋቸውን አስተካክልልን ብለው ይልኩልኛል። ለባለቤትየዋ አንብባችሁላታል? እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው፤ አንድ ጊዜ ግን አንዲት ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ «አነበብኩላቸው፤ ፎቶውን አንሺው አሉኝ፣ ጽሑፉ ግን ይቅር አሉ» ብላ ጻፈችልኝ።

እትዬ የጫማ ሰፊው ገጽ ገና ክፍት ሳለ ቢሮ መጥተው ነበር። ሦስት መቶ ብር አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እኔንም ከእነዚያ ሰዎች ጋር ጻፈኝ» አሉ። የብር ካርድ እዚያ እንደማይሠራ፣ ከዚህ አገር መክፈል እንደማይቻል አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና ልጃቸው ጋ ደወሉ።

በሳምንቱ የሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ ዐሥር ዶላር ተጨምሮ አየሁ፤ በእናቲቱ ስም ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ደውዬ ነገርኳቸው፤ መጥተው በዓይናቸው አዩት። እንዲታረም ልጠይቅልዎት አልኳቸው።

«ተወው፤ የማን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሊጡ እንዳይኮመጥጥባቸው ቸኩለው ወጡ።